ባዝራዬን አትጠይቁብኝ

እናንተዬ፣ የመርሳ ሰው ደግ ነው ብሎ የነገራችሁ ማነው? እስቲ አምጡልኝ። ደግነቱን አልካድኩም። በሬን ገፍቶ ገብቶ፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ፣ ቂጣዬን በልቶ፣ ውሃዬን ጨርሶ ደግ ሆኖብኛል። እኔ የምለው ደግነትም መጠን ይኑረው ነው። ዝናብም ደግ ነው፤ ሲበዛ ግን አጥር ይዞ ይሄዳል።

«ተረጋግተህ አውራ» እንዳትሉኝ ደግሞ። ተረጋግቼ የማወራ ሰው ብሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ አይደርስብኝም ነበር። እኔ ከእንቅልፌ ስነሳ ጀምሮ እቆጣለሁ፤ ይህን ሚስቴም ታውቃለች፣ ጎረቤትም ያውቃል፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም ያውቃል። የድምፅ ማጉያውን ነገር ኋላ እደርስበታለሁ።

ነገሩ የባዝራዬ ነው። የከተማ ልጆች እንዳትደናገሩ፣ ባዝራ ማለት ሴት ፈረስ ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ እንላታለን። መርሳ ውስጥ ጋሪ ትጎትታለች። ጤፍ፣ ሲሚንቶ፣ ቁምሳጥን፣ አንዴም ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ጭናለች። ባጃጅ መንገዱን ከወረረው ወዲህ የጋሪ ሥራ ቀዝቅዟል፤ እኔ ግን ባጃጅ ገዛሁ ብሎ ለሚኮራብኝ ሁሉ «ያንተ ይወልዳል?» እያልኩ ነው የምኖረው። የእኔዋ ትወልዳለች። ማለቴ፣ ሰው ቢተዋት ትወልዳለች።

የምትወልደው ደግሞ ተራ ነገር አይደለም፤ በቅሎ ነው። በቅሎዋ ለአማቴ ናት። ሚስቴ ዘሀራ የግራና ልጅ ናት፤ እናቷ ከግራና በላይ፣ ተራራው አናት ላይ ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ወርደው አያውቁም። እዚያ ባጃጅ አይወጣም፣ መኪና አይወጣም፤ ፈረስም ቢሆን ያን ገደል ሲያይ ልቡ ይፈሳል። ሰው ይሸከማቸው ብንል «በቃሬዛ የምወርደው አንድ ቀን ነው፣ የዚያን ቀን ደግሞ አላያችሁም» አሉን። እንግዲህ የቀረው በቅሎ ነው። ግዛ እንዳትሉኝ፤ የበቅሎ ዋጋ የሰማችሁ ቀን እናንተም በእግር መሄድ ትመርጣላችሁ። ዘሀራ እናቷ አንድ ቀን እንኳ በዚህ በር ገብተው ቤቷን እንዲያዩላት ትፈልጋለች። ሌላ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ «በቅሎዋ ተወልዳ፣ አድጋ፣ ኮርቻ እስክትለምድ እናትሽ...» ብዬ ጀመርኩና ዓይኗን ሳይ ዋጥኩት። የጀመርኩትን ቁጣ የዋጥኩት በዕድሜዬ ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

አምና ቦራ ወለደች። የውርንጭላው አባት የጎረቤቴ የይመር አህያ ነው። እንደወለደች ሰፈሩ ሁሉ ግር ብሎ ገባ። እዚህ አገር የሰው ልጅ ሲወለድ ምን ይደረጋል? ቅቤ ይልሳል አይደል? እትዬ ብርቄ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ ለጋ ቅቤ በቅጠል ይዘው መጡና «አንጀቱን ያለስልሰዋል» ብለው ውርንጭላውን አላሱት። ይመር ደግሞ «እኛ የአባት ወገን ነን፣ ባዶ እጃችንን አንገባም» አለና ቴምር አድቅቆ በምላሱ አዞረለት። ሌላው በጋቢው አቀፈው። ሌላው ሽቶ ረጨበት። ወላሂ ሽቶ! ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ እየተሳመ፣ ማሻአላህ እየተባለ፣ በመጨረሻ እናቱ ዘንድ ቀረበ። ቦራ አሸተተችው። ቅቤ ይሸታል፣ ሽቶ ይሸታል፣ የሰው ጋቢ ይሸታል። የእኔ ነው የምትለው ሽታ አጣችና በኋላ እግሯ መታችው። ደግመን ብናቀርበው ደግማ መታችው። አስረናት ብናጠባው ተንቀጠቀጠች፣ ወተቷንም ያዘች። ሳይጠባ ሞተብን።

ውርንጭላው እንደተወለደ ዘሀራ ለእናቷ ደውላ ነበር። ከዚያ በኋላ አማቴ በደወሉ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት እኛን አልነበረም። «በቅሎዬ ጠባች?» ነው የሚሉት። ዘሀራ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እኔ መልሼ ለእሷ እሰጣታለሁ። ሞተ ብሎ መንገር አቃተን። ኋላ ከራሳችን ጸጥታ ተረዱትና መጠየቅ ተዉ። እሱ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ማልኩ። ቦራ ስትወልድ ሰው የሚባል ፍጡር በዚህ ግቢ አይደርስም አልኩ። የይመር አህያ አጥር ዘሎ ሲገባባት ይመር ስላላየ እርግዝናዋንም ደበቅኩ። እንዴት? አትሳቁ። ሆዷ ሲገፋ የድንኳን ሸራ አለበስኳት።

«ምነው ቦራ ሸራ ለበሰች?» አለኝ ይመር።

«ብርድ ነው» አልኩት።

ይህን ስናወራ እሱ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ነው። የመርሳ ፀሐይ ቆርቆሮ ያቀልጣል። ይመር ግን ሰው ቶሎ ያምናል፤ «ኧረ እውነትህን ነው፣ ዘንድሮ ብርዱ ከየት መጣ?» ብሎኝ ሄደ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ኮራሁ።

ኋላ ጡቷ ሲያጋት ጋሪውን አቆምኩ። ጋሪ ሲቆም ደግሞ መርሳ ትጠይቃለች። እትዬ ብርቄ ጠየቁኝ፤ «ቀኝ እግሯን ወለም ብሏት ነው» አልኳቸው። ይመር ጠየቀኝ፤ «ግራ እግሯን ወለም ብሏት ነው» አልኩት። ውሸታም ብሆን እንዲህ አይነት ስህተት አልሠራም ነበር፤ ውሸት ስላልለመድኩ ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር ረሳሁ። እዚህ አገር የታመመ ይጠየቃል!

በማግስቱ ግቢዬ ሞላ። አንዱ ሰናፍጭ ይዞ መጣ፣ አንዱ የሞቀ ጨው በጨርቅ ቋጥሮ መጣ። እትዬ ብርቄና ይመር በረቱ በር ላይ ተፋጠጡ።

«ቀኟ ነው፣ እኔ ከባለቤቱ አፍ ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ግራዋ ነው እትዬ፣ እኔም ከባለቤቱ አፍ ነው የሰማሁት!»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። እኔ ምን ልበል? «ይዘዋወራል» አልኩ።

ይዘዋወራል ማለቴ ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጣ። የሚዘዋወር ሕመም ከሆነ ወጌሻ ያስፈልጋል ተባለና ከውርጌሳ ሽማግሌ ወጌሻ በሰው ወጪ ተጠርተው መጡ። «አይንኳት!» ብል ማን ሰምቶኝ። ሽማግሌው ቀኙን እግር አሹ፣ ግራውን እግር አሹ፣ ደህናውን ሁሉ አሹ። የኋላውን ሲይዙ ቦራ አነሳችና ጭናቸው ላይ አሳረፈችባቸው። ሽማግሌው ተንከባለው ጭድ ውስጥ ገቡ። ደነገጥኩ፣ ገደለቻቸው ብዬ። እሳቸው ግን ጭዱን ከፂማቸው እያራገፉ ተነሱና «ይኸው! ዳነች!» አሉ። ሕዝቡ አልሃምዱሊላህ አለ። የሸራውንም ነገር ማንም አላነሳም፤ የታመመ ይሸፈናል አይደል።

እንዲህ ሆኜ አልዘልቅም ብዬ ወልድያ ሄድኩ፤ ስለ እንስሳት የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ። የነገረኝ ነገር አጭር ነው። ንጹህ ጭድ አንጥፍላት፤ ጸጥ ይበልላት፤ ከወለደች በኋላ እናቲቱ ራሷ ልሳ ታድርቀው፤ ራሷ ታጥባው፤ ሰው አይንካው። ምጡ ጠንቶ ከቆየባት ደውልልኝ። ፈረስ ሰው ካየች ምጧን ታቆያለች፣ ብቻዋን እስክትሆን ትጠብቃለች አለኝ። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ነገር የተማረ ሰው ስለነገረኝ ደስ አለኝ። የምናደድበት ሰው ሳጣ ደስ ይለኛል።

ደስታዬ እስከ መናኸሪያው ነው የዘለቀው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ «ከየት መጣህ?» አለኝ። በቃ! ያ ሁሉ የታጨቀ ነገር ገነፈለ። ቅቤውን ነገርኩት፣ ቴምሩን ነገርኩት፣ ሽቶውን፣ ወጌሻውን ነገርኩት። እኔ ስናገር ደግሞ ድምፄ ይታወቃል፤ ከሾፌሩ እስከ ኋላ ወንበር ሁሉም ሰማ። «እርጉዝ መሆኗን ግን አንድም ሰው አያውቅም!» ብዬ ጨረስኩ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው በስልክ ያወራል። «አዎ፣ ባዝራዋ ናት... አይ፣ እግሯ አይደለም... አዎ፣ ልትወልድ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ያ ሞኝ «ይህም ሰው ባዝራ አለው ማለት ነው» ብዬ አዘንኩለት።

መርሳ ደርሼ ቤቴ ስገባ እትዬ ብርቄ የገንፎ ዱቄት እየነፉ አገኘኋቸው። በእኔ ግቢ! በእኔ ወንፊት!

«እንኳን ደህና መጣህ። ምነው ደበቅከን? እኛ ባዳ ነን?» አሉ።

ዘሀራ ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ሄጄ በረቱን አየሁ፤ የቦራ ጡት ጫፍ ላይ እንደ ሰም ያለ ነገር ወጥቶበታል። ቀኗ ደርሷል ማለት ነው። ሕዝቡም ደርሷል።

ይህ ሐሙስ ነው። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ገባ። አሁን አንድ ነገር እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። «አባርራቸው» ትሉኛላችሁ። የወሎ ሰው ሆናችሁ ሞክሩትና ንገሩኝ! ልቤ ውስጥ «ውጡልኝ» የሚል ቃል አዘጋጅቼ በሩን እከፍታለሁ፤ አፌ «ግቡ፣ ግቡ፣ አፈር ስሆን ግቡ» ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ተደርጎ ተሠርቷል፣ ምን ላድርገው። እኔ የምቆጣው ሰው ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም «አብሽር፣ አብሽር» ይለኛል። አብሽር ሲሉኝ የባሰ እቆጣለሁ።

ቦራ ትተኛለች። «ጀመራት!» ይላል አንዱ። ሁሉም ተነስቶ በበረቱ አጥር ላይ አንገቱን ያሰግጋል። ቦራ ታየንና ትነሳለች። ሰው ይቀመጣል። ትተኛለች። «አሁንስ ጀመራት!» ትነሳለች። ይህ ሆነ ማታውን። ሌሊት ጥቂት ሰው ሲሄድ እፎይ አልን፤ እሷም ደክሟት እንደቆመች አደረች። አርብ ሲነጋ ደግሞ ገና ፀሐይ ሳትወጣ የሄደው ተመልሶ፣ ያልመጣውን አስከትሎ መጣ።

የሰፈራችን መስጊድ ኢማም ሸህ እንድሪስም መጡ። እሳቸው እንኳ ሥርዓት ያውቃሉ፤ ጥግ ይዘው ዱአ ያደርጋሉ። ይመር ግን፣ ይህን የማይረሳኝን አላህ ይይለት፣ አህያውን ይዞ መጣ!

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አባት ነው አያ» አለኝ። «ይኑር እንጂ። ልጁ ሲወለድ አባቱ ውጭ ይቁም?»

«አንተ ሰው፣ አብደሃል?»

«አምናም ስላልነበረ ነው እንደዚያ የሆነው» አለኝ፣ ከልቡ። ይመር ሲያሾፍ አይደለም የሚያናድደኝ፣ ከልቡ ሲሆን ነው።

ቦራ በዚያ ጊዜ ተኝታለች። በእውነት ተኝታለች፣ ጎኗ በላብ ረጥቧል፣ እግሯን ዘርግታለች። ዘሀራ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ። አህያው አንገቱን አነሳና ለቀቀው! የመርሳን ገበያ የሚበትን ማናፋት። ቦራ ከመሬት ብድግ አለች። እኔም ብድግ አልኩ። ጫማዬን አውልቄ ለአህያው ወረወርኩት። አህያው ጎንበስ አለ፤ ጫማዬ ሸህ እንድሪስ ውዱእ ሊያደርጉበት ያስቀመጡትን ማንቆርቆሪያ መታና ውሃውን ሁሉ ልብሳቸው ላይ ገለበጠው።

ሸህ እንድሪስ እርጥብ ልብሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አውፍ በሉኝ፣ ሸህዬ» አልኩ።

«አውፍ ብዬሃለሁ ልጄ» አሉ። ቀስ ብለው ተነሱ፣ ማንቆርቆሪያቸውን አነሱና ልብስ ሊቀይሩ ሄዱ። ምነው በተቆጡኝ ኖሮ። የማይቆጣ ሰው አስቆጥቶኝ ዋለ።

ቀትር ላይ አዛን ተሰማ። ጁምዓ ነው። ወንዶቹ ሁሉ እየተጠራሩ ወጡ፤ ይመርም አህያውን ይዞ ወጣ። አላህ ራሱ ግቢዬን ጠረገልኝ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። የቀሩት ሴቶች ናቸው፣ ገንፎውን ከበው። ወደ እነሱ ዞርኩ። ያ ከሐሙስ ጀምሮ ያንቀኝ የነበረ ቃል ያኔ ወጣ።

«ውጡልኝ!» አልኩ።

እትዬ ብርቄ ማማሰያውን እንደያዙ ቀና አሉ። «እኔን ነው?»

«አንቱን ነው! ሁላችሁንም ነው! ውጡልኝ አንቱ!» ስቆጣም አንቱ ማለቴን አልተውኩም፣ ይህን መዝግቡልኝ። «አምና በቅቤ ገደላችሁብኝ፣ ዘንድሮ በገንፎ ልትገድሉብኝ ነው?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወጡ። እትዬ ብርቄ በመጨረሻ ወጡ። «ደጅህን አልረግጥም!» አሉ። ይህን ብለው ደጄ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

በሩን ቀረቀርኩ። እኔ፣ ዘሀራና ቦራ ብቻ ቀረን። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ በረቱ ፊት ቆምኩ። «በይ እንግዲህ! ሰው የለም! ውለጂ!» አልኳት። ቦራ ታየኛለች። እንዲያው ነጭ ዓይኗን አውጥታ ታየኛለች። ልትተኛ ጉልበቷን ታጥፋለች፣ እኔ «አዎ፣ እንደሱ! በይ!» ስላት መልሳ ትዘረጋለች። «ምን ሆነሽ ነው? ምን ይደረግልሽ? ሕዝብ አባርሬልሽ፣ ጎረቤት ጠልቼልሽ!» ጮህኩ። ተመላለስኩ። ጭዱን አስተካከልኩ፣ ያስተካከልኩትን በተንኩ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ዘሀራ።

«ምን!»

«ሰው የለም ትላለህ። አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«የቀረኸው አንተ ነህ» አለችኝ። «ከሐሙስ ጀምሮ ከአህያው በላይ የጮህከው አንተ ነህ። ስትተኛ ያስነሳት ሰዉ ብቻ አይደለም። ውጣ።»

«ከገዛ ቤቴ?»

አምና ያ ውርንጭላ ሲሞት የነበረው ፊቷ መጣ። እጄን ይዛ እስከ በሩ ወሰደችኝ፣ አስወጣችኝና ከውስጥ ቀረቀረችው። እኔ እትዬ ብርቄ ፊት፣ አንድ እግሬ ላይ ጫማ ሳይኖር፣ መንገድ ላይ ቀረሁ። እትዬ ብርቄ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ አሉልኝ።

ወደ መስጊድ መሄድ ነበረብኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እግሬ ከበሬ አልነቀል አለኝ። ድምፅ ማጉያው ግን እኔ ዘንድ መጣ። ሸህ እንድሪስ ኹጥባ እያደረጉ ነው። ርዕሱ ምን ይመስላችኋል? ሰብር፣ ትዕግሥት! «አንዳንድ ሰው አለ» ይላሉ፣ «ለሰው ቀርቶ ለአፍ አልባ እንስሳ ፋታ የማይሰጥ። ጸጥታ እፈልጋለሁ እያለ የሚጮህ።» መርሳ ሙሉ ይሰማል! ምናልባት ግራናም ይሰማል!

«ስለ ማን ነው?» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ምንም እንዳላወቀ ሰው።

ቆርቆሮው በር ላይ የምስማር ቀዳዳ አለ፤ ዓይኔን አስጠጋሁ። ቦራ ተኝታ ነበር። ልክ እንዳየሁ ጆሮዋን ወደ በሩ አዞረች። እትዬ ብርቄ አንገትጌዬን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ።

ከጁምዓ የተመለሰው ሁሉ ደጄ ላይ ተሰበሰበ። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ገረማቸው መሰለኝ፣ አንድም ሰው አልተናገረም። ይመር የአህያውን አፍ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሸህ እንድሪስ ግድግዳው ሥር ቁጭ አሉ። የመርሳ ሰው ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ውስጥ ጭዱ ይንኮሻኮሻል፣ ቦራ አንዴ አቃሰተች፣ ከዚያ ምንም የለም። የአምናው ሁሉ በሁላችንም ፊት ላይ ነበር። ምንም በሌለ ቁጥር እትዬ ብርቄ በእጃቸው ያለውን የቅጠል ቋጠሮ ይጨብጣሉ። ቅቤ ነው። ዘንድሮም ይዘው መጥተዋል።

«አንተ ሰው» አሉኝ በሹክሹክታ። «አምና እኔ ነኝ የገደልኩባችሁ አይደል?»

እናንተዬ፣ ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ነበር። መልሱን ጋጣ ስጠርግ ተለማምጄዋለሁ፣ ጋሪ ስነዳ ተለማምጄዋለሁ። አሮጊቷን አየኋቸው። ጣቶቻቸው መካከል ቅቤው ቀልጦ ይወርዳል።

«አጀሉ ነው እትዬ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» አልኩ። በራሴ ተናደድኩ።

በሩ ተከፈተ። ዘሀራ ቆማለች፤ ቀሚሷ ጭድ ብቻ ነው። ሁላችንም ፊቷን አየን።

«ጠባች» አለች።

ሴት ናት። ዘሀራ በሩን ገርበብ አድርጋ ከሩቅ ብቻ አሳየችን። ቦራ አንገቷን አዙራ ትልሳታለች፣ ጭራዋን ትልሳለች፣ ጆሮዋን ትልሳለች። ያቺ ደግሞ ባልጸኑ እግሮቿ እየተወላገደች ጡት ላይ ተጣብቃለች። ይመር «ጆሮዋ እንዳባቷ» ብሎ ጀመረ፤ እኔ ልጮህበት አፌን ስከፍት ቦራ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ በእኔና በልጇ መካከል ገባች። ከይመር አይደለም፤ ከእኔ! ስለዚህ ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ «ዝም በል አንተ ደንቆሮ» አልኩት። በሹክሹክታ መቆጣት ምን ያህል እንደሚያም የሞከረው ያውቀዋል። እትዬ ብርቄ ቅቤውን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸው ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ሁሉንም አናቴ ላይ ለጠፉት። «ይሻልሃል» አሉ።

ዘሀራ ስልኳን አወጣች። አምና ገና ሳይደርቅ ነበር የደወለችው፤ ዘንድሮ እስክትጠባ ጠብቃለች። አማቴ አነሱ። ድምፃቸውን እንድንሰማ ከፍ አደረገችው።

«እማ» አለች ዘሀራ። «እግርሽ ተወለደልሽ።»

ከተራራው ነፋስ ብቻ ይሰማል።

«ጠባች?» አሉ አማቴ።

«ጠባች እማ። እየጠባች ነው።»

«በይ እንግዲያ» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «ኮርቻ እስክትለምድ መሞት የለም። ነግሬሻለሁ፤ አልሞትም። ቤትሽን ሳላይ አልሞትም።»

ዘሀራ በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች። እኔ ወደ ቆርቆሮው ዞርኩ፤ ቅቤው ቀልጦ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው። ቅቤው ነው ብያለሁ።

«ያ ባልሽስ?» አሉ አማቴ። «የለም እንዴ? ምነው ድምፁ አይሰማ?»

«አለሁ እናቴ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምን ነካው? ታሟል?»

ዘሀራ በልቅሶዋ መሃል ሳቀች። ከአምና ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በሳቋ ምክንያት «አልታመመም» ሳትል ስልኩ ተቋረጠ። ይመር ደግሞ ያችን «ታሟል» የምትለውን ቃል ብቻ ሰምቶ ወደ ገበያ ወጣ።

በማግስቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ጠያቂ ነው። ሰናፍጩ መጥቷል፣ የሞቀ ጨው መጥቷል። እትዬ ብርቄ «ቀኝ ጎኑን ነው» ይላሉ፣ ይመር «ግራውን ነው» ይላል። ከሁሉ በፊት የገቡት ግን ከውርጌሳ የመጡት ወጌሻ ናቸው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው። ቦራ ረግጣቸው ትንሽ ያነክሳሉ።

«እግርህን ዘርጋ» አሉኝ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከግድግዳው ወዲያ ውርንጭላዋ እየጠባች ነበር፤ ድምፁ ይሰማኛል። አፌን ዘጋሁና እግሬን ዘረጋሁ።